ትንሹ መጐናጸፊያ

ለጥናት የሚነበቡ ክፍሎች፦ 1ኛ ሳሙኤል 2፥18-21፤ ሩት 4፥13-17፤ የሐዋርያት ሥራ 9፥36-42



የዚህ ጥናት መነሻ አንድ የመስክ ቅጽ ነው። ከከሚሴ ከተማ ወጣ ብሎ በቦርከና ወንዝ አቅጣጫ በሚገኝ አንድ መንደር ብርድ ልብስ አድለን ነበር። ከሦስት ወር በኋላ የተሰጠው ዕቃ በአገልግሎት ላይ መዋሉን ለማረጋገጥ ቤት ለቤት ዞርን። ቅጹ አጭር ነው። ብርድ ልብሱ አለ ወይ? ልጆቹ ይለብሱታል ወይ? ይላል፤ ከጎኑ ምልክት የሚደረግባቸው ትንንሽ ሣጥኖች አሉት። እንዲህ እየሞላን ከአንዲት አሮጊት ቤት ደረስን። የመንደሩ ሰው ሁሉ በኦሮምኛ «አኮ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። የልጆቹ እናት ለቤት ሠራተኝነት ሳዑዲ ዓረቢያ ከሄደች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ያመጣንላቸው ብርድ ልብስ ከነፕላስቲኩ ተጣጥፎ በሣጥን ላይ ተቀምጦአል። ልጆቹ የሚተኙበት መደብ ላይ ደግሞ ከብዙ ዓይነት ጨርቅ የተጣጣፈ አሮጌ ድሪቶ ተዘርግቶአል። ከመካከላችን አንዱ «አይለብሱትም» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረገና፣ በትሕትና ቢሆንም፣ መጠየቅ የማይገባንን ጠየቃቸው። «እማማ፣ ሊሸጡት አስበው ነው እንዴ?»

አኮ አልተቆጡም። ድሪቶውን ስበው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና በጣታቸው ያሳዩን ጀመር። «ይህ ሰማያዊው የእናታቸው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። ይህ ባለ መስመሩ የሟቹ የባለቤቴ ሽርጥ ነው። ይህ አበባ ያለበት እናታቸው የሄደች ለት አውልቃ የተወችው ቀሚስ ነው። ትንሿ በዚህ በኩል ነው የምትተኛው፤ አፍንጫዋን እዚህ ካላደረገች እንቅልፍ እምቢ ይላታል። የእናንተው ሲበርድ ከላይ ይደረባል፤ አሁን ምን ብርድ አለ ልጄ?» አሉን።

ወሩ ግንቦት ነበር። ከሚሴን የሚያውቅ ሰው ግንቦት እዚያ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ብርድ ልብሱ የደረሰው የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ካለፈ በኋላ በየካቲት ስለ ነበር፣ ስሕተቱ የእኛ እንጂ የአኮ አልነበረም። ሴትዮዋ የሰጠናቸውን ነገር በጥንቃቄ አስቀምጠው የብርዱን ወራት ይጠብቃሉ። ቅጻችን ለእንዲህ ዓይነቱ መልስ ሣጥን አላዘጋጀም።

ማታ በከሚሴ ካደርንበት ቤት ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ ስንገልጥ ነገሩ እንደገና ተነሣ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በየአጋጣሚው ስናሰላስለው የቆየነውን ነው ዛሬ ለእናንተ የምናካፍለው።

ሐና በየዓመቱ የሰፋችው

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐና ልጅ አጥታ አለቀሰች፤ ተሳለች፤ ሳሙኤልን ወለደች፤ ጡት ካስጣለችው በኋላ ወደ ሴሎ ወስዳ ለጌታ ሰጠችው። ስብከታችን ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃና ወደ ሳሙኤል መጠራት ይዘልላል። የመጽሐፉ ጸሐፊ ግን አንድ ትንሽ ነገር ሳይነግረን አላለፈም። እናቱ በየዓመቱ ትንሽ መጐናጸፊያ እየሠራች፣ የዓመቱን መሥዋዕት ለማቅረብ ከባልዋ ጋር ስትወጣ ትወስድለት ነበር።

ከዚህ በፊት ያለውን ቍጥር 18ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሳሙኤል የበፍታ ኤፉድ ታጥቆ ያገለግል እንደ ነበር ይናገራል። እንግዲህ ልጁ ራቁቱን አልነበረም። ለአገልግሎቱ የሚታጠቀው ልብስ ነበረው። የእኛ ባልደረቦች በዚያ ዘመን ሴሎ ደርሰው ቅጽ ሞልተው ቢሆን ኖሮ «የሕፃኑ ልብስ፦ አለው» ብለው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፉ ነበር። የሐናን መጐናጸፊያ «ተደራራቢ እርዳታ» የሚል ስም የሚሰጠውም አይጠፋም ነበር። ኤፉዱ የአገልግሎት ልብስ ነው፤ ሳሙኤል ካህኑ በሚያገለግልበት ስፍራ የሚያገለግል ብላቴና መሆኑን ያሳያል። መጐናጸፊያው ደግሞ የማን ልጅ እንደ ሆነ ያሳያል። ልጁ ሁለቱንም ይፈልግ ነበር፤ እግዚአብሔርም አንዱን ስለ ሰጠው ሌላውን አልከለከለውም።

«በየዓመቱ» የሚለውም ቃል ሊታለፍ አይገባም። ልጅ ያድጋል። ባለፈው ዓመት ልኩ የነበረው ልብስ ዘንድሮ ክርኑ ላይ ይቀራል። ሐና ልጅዋን የምታየው ለመሥዋዕት ስትወጣ ነው፤ የምትሰፋው ግን ሳታየው ነው። ዘንድሮ ምን ያህል አድጎ ይሆን? ትከሻው ሰፍቶ ይሆን? እያለች በግምት መቍረጥ አለባት። ምናልባት በመንደርዋ እርሱን የሚያህል ልጅ ጠርታ ትለካበት ይሆናል። ይህን መጽሐፍ አይነግረንም፤ የእኛ ግምት ነው። ልጅ ያላት እናት ሁሉ ግን እንዲህ እንደምታደርግ እናውቃለን።

በአማራ ክልል ከሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ይኸውም ከባቲ፣ ከደዋ ጨፋ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋና ከአካባቢው፣ ብዙ ወጣት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገሮች ሄደዋል። ከፊሎቹ በአውሮፕላን፣ ከፊሎቹም በጅቡቲ አድርገው ባሕሩን ተሻግረው በየመን በኩል በብዙ መከራ ነው የሚሄዱት። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ150,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው በመለሰች ጊዜ የወሎ መንደሮች ልጆቻቸውን በአንድ ጊዜ ተቀብለዋል። ከተመለሱትም ብዙዎቹ እንደገና ሄደዋል። እነዚህ እናቶች ሰው ሲመጣ ለልጆቻቸው ጫማና ልብስ ይልካሉ። ልክ እንደ ሐና በግምት ነው የሚገዙት። አኮ ቤት ያየነው አንድ ጥንድ ጫማ ለልጁ ስለ ጠበበው ለጎረቤት ልጅ ተሰጥቶ ነበር። እናቲቱ ልጅዋን በሄደችበት ዓመት እግሩ ለክታዋለች፤ እግሩ ግን እርስዋን አልጠበቀም።

እንግዲህ ልጁን በየቀኑ የምታየው አያቲቱ ናት። ልኩን የምታውቀው እርስዋ ናት። መጽሐፍ ቅዱስም ለአያት ይህን ስፍራ አልነፈጋትም። ሩት በወለደች ጊዜ ሕፃኑን ወስዳ በብብትዋ ያኖረችው፣ ሞግዚትም የሆነችው ኑኃሚን ናት (ሩት 4፥16)። ባልዋን ከነልጆችዋ የቀበረች፣ ባዶ እጅዋን ተመለስሁ ያለች ሴት ነበረች። ጎረቤቶችዋም ሕፃኑ ለኑኃሚን ተወለደ አሉ። ጢሞቴዎስንም ጳውሎስ ሲያስታውሰው ከእናቱ አስቀድሞ የአያቱን የሎይድን ስም ያነሣል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። እኛ ግን በመዝገባችን ውስጥ እንዲህ ያለውን ቤት «ወላጅ የሌለበት ቤተሰብ» ብለን ጽፈነዋል። አኮ መዝገባችንን ማንበብ ቢችሉ ምን እንደሚሉ መገመት አያስቸግርም።

ድሪቶ የሚለው ቃል

በአገራችን ድሪቶ የስድብ ያህል የሚቈጠር ቃል ነው። ድሪቶ ለባሽ ሲባል የተናቀ፣ ያጣ የነጣ ማለት ነው። አንዳንድ ወጣት ባልደረቦቻችንም በእንዲህ ያለ ቤት ፎቶግራፍ ሲያነሡ ድሪቶውን የችግር ማስረጃ አድርገው ወደ ፊት ያመጡታል። አኮ ያን ቀን «ፎቶ ከተነሣ በደንብ ይነሣ» ብለው ድሪቶውን አራግፈው፣ አበባማው ጨርቅ እንዲታይ አስተካክለው ዘርግተዋል። ችግራቸውን የሚያሳዩ አልመሰለንም፤ ሥራቸውን ነበር የሚያሳዩት።

ይኸው ሥራ በሌላ አገር ከፍ ያለ ክብር አለው። በአሜሪካ ብዙ ሴቶች፣ በተለይም በዕድሜ የገፉት፣ ከአሮጌ ልብስ የተቈረጡ እራፊዎችን እየገጣጠሙ ወፍራም የአልጋ ልብስ ይሰፋሉ። በ1945 እ.ኤ.አ. የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ዓመት የተቋቋመው የሉተራውያን የዓለም እርዳታ ድርጅት ከየአጥቢያው ሴቶች እንዲህ ያለውን ልብስ እየሰበሰበ በጦርነትና በድርቅ ለተጎዱ አገሮች ሲልክ ኖሮአል። በ1920 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሜኖናውያን ማዕከላዊ ኮሚቴም እንዲሁ ያደርጋል። ልብሱ ሦስት ድርብ ነው፤ ከላይ የተገጣጠመው እራፊ፣ ከመካከል ሙቀት የሚይዝ፣ ከታች አንድ ወጥ ጨርቅ፤ ሦስቱም በየቦታው በክር ቋጠሮ ይያያዛሉ። ሉተራውያኑ የሚልኩት 1 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ለአኮ ቢያሳዩአቸው «ይህማ ድሪቶ ነው፤ ያውም በደንብ የተጠቀመ» ይሉ ነበር ብለን እናስባለን።

ስለ እነዚህ ሴቶች ስናስብ ዶርቃ ትታወሰናለች። ሐና ለልጅዋ ሰፋች፤ ዶርቃ የሰፋችው ዘመዶችዋ ላልሆኑት መበለቶች ነው። ጴጥሮስ ከልዳ ወደ ኢዮጴ ተጠርቶ በመጣ ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ከበቡት፤ ዶርቃ በሕይወት ሳለች ያደረገችላቸውን ቀሚስና ልብስ ያሳዩት ነበር። ስንት ቀሚስ እንደ ሰፋች አልተጻፈም። የተጻፈው ከእነርሱ ጋር ሳለች መሥራትዋ ነው። ባሕር ማዶ ሆኖ ለማያውቀው ሕፃን የሚሰፋ ሰው የዶርቃ ወገን ነው፤ እኛም እንዲህ ያለውን ስጦታ አንንቅም። ነገር ግን ዶርቃ በኢዮጴ ስለ ሰፋች ሐና መስፋትዋን ትተው አላላትም። የእኛ ሥራ አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የዶርቃን ስጦታ ተሸክመን ወደ ሐና ቤት የምንገባ ሰዎች ነን።

ብርድ ልብስ ይቅር እያልን አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ባቲ ላይ በተሠራው መጠለያ ከወሎ ልዩ ልዩ ስፍራ የመጣ ሕዝብ ሜዳ ላይ ፈስሶ በነበረበት ወቅት፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት መርፌ ሳይሆን የሚያሞቃት ነገር ነበር የሚያስፈልጋት። አኮም ያን ጊዜ ወጣት እናት ነበሩ፤ የእርዳታ ዱቄት ከመጣበት ከረጢት ለሕፃናቸው እጀ ጠባብ እንደ ሰፉ አጫውተውናል። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ በደረሰ ጊዜም ብዙ ሰው የያዘውን ይዞ ሸሽቶአል። የኦሪት ሕግ ከድሀ በመያዣ የተወሰደ ልብስ ፀሐይ ሳይገባ እንዲመለስለት የሚያዘው፣ ሌሊት የሚለብሰው ሌላ ስለሌለው ነው (ዘጸ. 22፥26-27)። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት የብርድ ልብስ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ክርክራችን ስለ መቶኛው ሌሊት ነው። ሰው ወደ ቤቱ ከተመለሰ፣ ወይም በመጠለያ ወራት ከቈየ በኋላ፣ እኛ አሁንም የተጠቀለለ ብርድ ልብስ እያመጣን አያቲቱን እጅዋን አጣጥፋ እንድትቀበል ብናደርግ፣ ከልጆቹ ዘንድ የነበራትን ስፍራ ሳናውቅ እየወሰድንባት ነው።

እጃቸው የሚያውቀው

ቀድሞ በዚህ አገር አያት ለልጅ ልጅ የምትሰጠው ከጥጥ ይጀምራል። ጥጡ ይዳመጣል፤ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ልቃቂቱ ሲበዛ ለሸማኔ ይሰጣል። በአካባቢው በሽመና ከታወቁት መካከል የአርጎባ ወገኖች አሉ። አንዲት ትንሽ የሕፃን መታቀፊያ ለመድረስ የብዙ ወር ምሽት ይፈጃል። አሁን ጥጡም ተወድዶአል፤ የአሮጊቶቹም ዓይን ደክሞአል። ስለዚህ በብዙ ቤት የቀረው መርፌና እራፊ ነው። ልባሽ ጨርቅ ከገበያ ይገኛል፤ የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው የጨርቁን ብዛት ያውቃል።

አኮ እንዴት እንደሚሰፉ ለሴቶች ባልደረቦቻችን ያሳዩትን እንጻፍላችሁ፤ በየአጥቢያው የሴቶች ኅብረት ሊሞክሩት የሚፈልጉ ይኖራሉና። ለሕፃን የሚሆን ድሪቶ በወርዱ አምስት፣ በቁመቱ ሰባት እራፊ ነው፤ በጠቅላላው 35 ማለት ነው። እያንዳንዱ እራፊ በአራቱም ማዕዘን አንድ ስንዝርና አንድ ጣት ተደርጎ ይቈረጣል፤ ጣቷ በስፌቱ ውስጥ ስለምትገባ ሲያልቅ ስንዝር ይቀራል። መጀመሪያ ወርዱን እየሰፉ ሰባት መስመር ማዘጋጀት፣ ከዚያ መስመሮቹን እርስ በርስ ማያያዝ ይቀላል። ስፌቱ ከስንዴ ፍሬ የረዘመ እንደ ሆነ የልጅ እግር ጣት ይገባበትና ይቀድደዋል። ክሩ ድርብ ይሁን፤ በሰም ላይ ሁለት ጊዜ ቢጎተት አይወሳሰብም፣ ቶሎም አይበጠስም። ከመካከል አሮጌ ጋቢ፣ ከታች አቡጀዲ ይደረጋል። ከዚያም እራፊዎቹ በሚገናኙበት ማዕዘን ሁሉ ሦስቱን ድርብ በጠንካራ ክር አሳልፎ መቋጠር ነው። ይህ ቋጠሮ ከሌለ የመካከሉ ጋቢ በመጀመሪያው አጠባ ተሰብስቦ አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል።

አሮጌ ጨርቅ ሳይቀቀል አይሰፋ። በልብስ ስፌት ውስጥ የሚሸሸግ ቅማል ግርሻንና ተስቦን ያስተላልፋል፤ ሁለቱም በአገራችን ብዙ ሰው የፈጁ በሽታዎች ናቸው። በፈላ ውሃ ተቀቅሎ በደንብ በፀሐይ የደረቀ ጨርቅ ግን አያሰጋም። ጥጥ ከጥጥ ጋር ይሰፋ። ናይለንና ፖሊስተር ምድጃ በሚነድበት ቤት አደገኛ ነው፤ እሳት ሲነካው ቀልጦ ከልጅ ገላ ላይ ይጣበቃል። ደግሞም ዓመት ላልሞላው ሕፃን ወፍራም ልብስ በፊቱ ላይ እንዳይደርስ፣ ለብቻውም ሲተኛ እንዳይከመርበት ተጠንቀቁ፤ ሊያፍነው ይችላል። ይህን ለአኮ ስንነግራቸው ዓመት ያልሞላው ከእኔው ጎን እንጂ የት ይተኛል ብለው ሳቁብን፤ እኛ ግን ነገሩን ደግመን ነገርናቸው።

ከትርፉ እራፊ ለሴት ልጅ አሻንጉሊት፣ ለወንዱ የጨርቅ ኳስ ይወጣል። የአሻንጉሊቱን ዓይን በቁልፍ ወይም በጨሌ መሥራት የለመደ ነው፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ነቅሎ ይውጠዋልና በክር ቢጠለፍ ይሻላል። ኳሱ አሮጌ ካልሲ ውስጥ እራፊ ጠቅጥቆ አፉን በመስፋት ነው የሚሠራው። የአኮ ትልቁ ልጅ ኳሱ ሲፈታ ለአያቱ ያመጣል፤ እሳቸውም «ደግሞ ቀደድከው?» እያሉ ይሰፉለታል። በሳምንት ስንት ጊዜ ብለን ብንጠይቅ «ኳሱን ጠይቁት» ነው ያሉን።

ከባልደረቦቻችን አንዱ ይህን ሁሉ አይቶ፣ ሴቶቹ ድሪቶ እየሰፉ አዲስ አበባ ቢሸጥላቸውስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። በቅንነት ነው ያሰበው፤ ገንዘብም የሚያስፈልጋቸው ናቸው። አኮ ግን «የልጄን ቀሚስ ማን ይገዛኛል?» ነው ያሉት። ለገበያ የሚሆን የልብስ ስፌት ሥልጠና በመኪና፣ በአዲስ ጨርቅ፣ ለሚፈልጉ ወጣት ሴቶች ይሰጥ፤ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከዚህኛው ጋር አይቀላቀል። አያት ለልጅ ልጅዋ የምትሰጠውን ሁሉ ዋጋ እንዲያወጣ የምናስገድድ ከሆነ፣ ሐናንም መጐናጸፊያውን በሴሎ ገበያ ሽጪ እንደ ማለት ነው።

ለምእመናን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ እንደ ታየው በዚህ ዞን ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆነው ሕዝብ ሙስሊም ነው። አኮም ሙስሊም ናቸው። ስለ ሥራችን ስንናገር አንዳንድ ጊዜ «ታዲያ በእርዳታው ስንት ሰው መጣ?» ተብለን በአጥቢያዎች እንጠየቃለን። መርፌና ክር ሰጥተን በምላሹ የሰው እምነት አንጠይቅም። በ1994 እ.ኤ.አ. በቀይ መስቀልና በእርዳታ ድርጅቶች የወጣው የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ ሃይማኖትን ማስፋፊያ እንዳይሆን ይደነግጋል። ደንቡ ባይኖርም እንኳ ጌታችን ከፈወሳቸው ከአሥሩ ለምጻሞች ዘጠኙ ሳይመለሱ ሲቀሩ ፈውሱን አልወሰደባቸውም (ሉቃ. 17፥11-19)። አኮ ቡና አፍልተው አጠጡን፤ ስንነሣም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን። እኛም በሩቅ ስላለችው ልጃቸው በስምዋ ጸለይን፤ እስከ ዛሬም እንጸልያለን።

በቡድን ሆናችሁ ስታጠኑ ከእነዚህ ክፍሎች ጋር የራሳችሁን ቤት አስታውሱ። በልጅነታችሁ በእጅ ተሠርቶ የተሰጣችሁ ነገር ምን ነበር? የሰጣችሁ ማን ነው? ከዚያ ወዲህ ከተገዛላችሁ ልብስ ስንቱን ታስታውሳላችሁ? የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ ይህን ጨምራችሁ ተነጋገሩ፤ በምትሠሩበት ቀበሌ ወደ ቤት ስትገቡ «ምን የላችሁም?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ትሠራላችሁ?» ብላችሁ የጠየቃችሁበት ጊዜ አለ ወይ? ይህ ጥያቄ ለእኛ ቀላል አልሆነልንም። ከተማርነው ሁሉ የሚቀድመን ጉድለት መቍጠር ነው።

ቅጹን አሻሽለነዋል። ሁለት ጥያቄ ጨመርንበት። በዚህ ቤት ለልጆቹ በእጅ የሚሰፋ ሰው አለ ወይ? ካለስ ለሥራው ምን ይጎድለዋል? ጨርቅ ይበዛል ብለን ጠብቀን ነበር። በአብዛኛው የመጣው መልስ ግን ዓይን ነው። አሮጊቶቹ መስፋት ይችላሉ፤ ክሩን በመርፌው ዓይን ማስገባት ነው ያቃታቸው። ስለዚህ ከአጥቢያችሁ ለመርዳት የምትፈልጉ፣ በዚህ ዓመት የምንለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። ዓይነ ሰፊ መርፌ፤ ታጥቦ የተቀቀለ የጥጥ እራፊ፤ የቅርብ ማያ መነጽር፣ የተጠቀማችሁበትም ቢሆን መስተዋቱ ያልተጫረ። ክርም እንዲሁ፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ እንዳይሆን አደራ ብለዋል አኮ፤ ቀይ ይጨመርበት፣ ልጆቹ ይወዱታል። ብርድ ልብስ ለማምጣት የምትፈልጉ ደግሞ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ይድረሰን፤ የየካቲቱን ስሕተት አንደግመውም።

ለጊዜው ለአኮ ክሩን የሚያስገባላቸው ትልቁ የልጅ ልጃቸው ነው። እሱ የጠዋት ተማሪ ስለ ሆነ፣ መነጽሩ እስኪመጣ ድረስ የአኮ ስፌት የሚጀምረው ከምሳ በኋላ ነው።